የኋላው ወንበር

ፍኖተ ሰላም ውስጥ «ጋሪ ልገዛ ነው» ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ፈረሱ ነው። እኔም ተጠይቄያለሁ። ጎረቤቴ አይናለም በሯ ላይ ቆማ ሽንኩርት እየላጠች፣ «ባሏ ባጃጅ ጠጋኝ፣ እሷ ባለ ጋሪ! በሉ እንግዲህ ገብስና ጭድ አዘጋጁ» ብላ መንደሩን አሳቀችብኝ። ሰው ሲስቅብኝ አብሬ መሳቅ አይሆንልኝም። የስፌት መኪናዬን ፔዳል አጥብቄ ረገጥኩ።

የምፈልገው የሕፃን ጋሪ ነበር። በእኛ አገር ልጅ የሚሄደው በእናቱ ጀርባ ነው። እናቴም አማቴም በአንቀልባ አዝለው ያሳደጉ ናቸው፤ እኔም ልጄን ሕሊናን ሁለት ዓመት እስኪሞላት አዝያታለሁ። ባለፈው ዓመት ግን ሁለተኛ አርግዤ ወረደብኝ። ሐኪሙ «ከባድ ነገር አትሸከሚ፣ ልጅም አትዘይ» አለኝ። አማቴ እማማ እህተ ማርያም ደግሞ ሌላ ምክንያት አገኙለት። «ገና ሳይጠና ለአገር ሁሉ አወራሽው፤ ዓይን በላው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ደስታ አፌን ከፍቶት ያልነገርኩት ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ያለቀስኩትን ለቅሶ የማውቀው እኔ ነኝ።

ስለዚህ እንደገና ሳረግዝ ከባሌ ከስመኘው በስተቀር ለማንም አልተነፈስኩም። ለአማቴም፣ ለአይናለምም፣ ለገዛ እናቴም። ይህ ልጅ እንዲጸናልኝ ነበር የምፈልገው፤ ከዚያ ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

ግን ሕሊናን ካላዘልኳት በምን ልውሰዳት? የተሰፋ ልብስ ለደንበኛ ላደርስ ስወጣ መንገድ መሀል ቁጭ ብላ ትቀራለች፤ እልኸኝነቷ የኔን ወጥቶላታል። ስመኘው «ጋሪ እንግዛላት፤ የሚመጣውም ይሄድበታል» ሲል አፉን በእጄ ያዝኩት። ላልተወለደ ልጅ ዕቃ አይገዛም፤ ካልሲ እንኳ አይገዛም። ጋሪው ለሕሊና ነው ተባባልን። ሁለት ልጅ የሚይዝ ይሁን የሚለውን ግን ሁለታችንም በልባችን ይዘናል።

አስፋልቱ ዳር ያለ አንድ ሱቅ ሮዝ ጋሪ ሰቅሎ ነበር። ስመኘው የመረጠበት መንገድ ያሳፍራል። ጎማዎቹን አንድ በአንድ አሽከረከረ፣ ኩሽኔታቸውን ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ፣ ከዚያ የባለ ሱቁን የጨው ጆንያ አንሥቶ ጋሪው ላይ ጫነና ኮብልስቶኑ ላይ ገፋው። የፊቱ ጎማ ወዲያው ተጣመመ።

«ይኸ እኮ ለቤት ውስጥ ነው!» አለ ባለ ሱቁ ተቆጥቶ።

«የማን ቤት ነው ልጅ በጋሪ የሚዞርበት?» አለው ስመኘው።

ሌላ ሱቅ ደግሞ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ አሳዩን። የመቀመጫውን ስፌት ሳብ ሳደርገው ክሩ ተተረተረ፤ «ይኸን ማን ሰፋው?» ብዬ ተናገርኩና ከዚያም ተጣልተን ወጣን። በመጨረሻ አንዲት ደንበኛዬ ቡሬ ውስጥ ያገለገለ ዕቃ የምትሸጥ ሴት እንዳለችና ከዐረብ አገር የመጣ የሁለት ልጅ ጋሪ ቤቷ ቆሞ እንደሚገኝ ነገረችን። መንገዱ ክፍት የሆነበት ሰሞን ነበርና ሕሊናን ይዘን በሚኒባስ ሄድን።

ሴትዮዋ ወለተ ሐና ትባላለች። በዕድሜ ከኔ ብዙ አትበልጥም፤ ዝግ ብላ የምትናገር፣ ነጠላዋን እንደ በረደው ሰው አጥብቃ የያዘች ሴት ናት። ጋሪው ጓዳዋ ውስጥ አንሶላ ለብሶ ቆሟል። አንሶላውን ስትገልጠው ስመኘው ወድዶት አፏጨ። ወፍራም ጎማ፣ ጠንካራ ብረት፣ በእጅ የሚያዝ ፍሬን፤ ሁለት ወንበር አንዱ ከአንዱ ኋላ ተቀምጧል። የፊቱ ወንበር ጨርቅ ፀሐይ አደብዝዞታል፤ በየስፌቱ የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ ገብቶበታል። የኋላው ግን አዲስ ነው። ጨርቅ ሥራዬ ነውና ማንም ተቀምጦበት እንደማያውቅ ወዲያው አወቅሁ።

«ስንት ልጆች አሉሽ?» አለችኝ።

«ለዕቃ ግዥ ልጅ ይቆጠራል እንዴ?»

አልተቆጣችም። «ለአንድ ልጅ ስለማልሸጠው ነው» አለች። «እኅቴ የላከችልኝ ለመንቶቼ ነበር። ዕቃው ሳይደርስ አንዱ ሞተብኝ። የቀረልኝን ከፊት አስቀምጬ ስገፋ የኋላው ባዶውን ይሄዳል። ባዶ መሄድ አይወድም አንች። ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለት ልጆች በሕይወት ላሏት እናት ነው የምሰጠው።»

እውነቱን መናገር ይቀል ነበር። «አንዷ ይቻት፣ አንዱ በሆዴ ነው» ብላት ምናልባት ትረዳኝ ነበር። ግን ለማላውቃት ሴት፣ ያውም ልጅ ለሞተባት ሴት፣ ጽንሴን ልናገር? አማቴ «ዓይን በላው» ያሉት ድምፅ አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም።

«ሁለት ናቸው» አልኩ።

«ሁለተኛው የት አለ?»

«ገጠር፣ አያቱ ጋ።»

«ወንድ ነው? ማን ይባላል?»

«ቂርቆስ» አልኩ። ስሙ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ አስቤው የማውቅ ስም አልነበረም።

ወለተ ሐና ጎንበስ ብላ የኋላውን መቀመጫ በመዳፏ ደጋግማ ጠረገችው። «እንግዲህ ቂርቆስ ይቀመጥበት» አለች። ቀና ብላ ደግሞ አየችኝ። «እርግጠኛ ነሽ? ሁለት ናቸው?»

«እናት የወለደችው ይጠፋታል?» ብዬ ጮኽኩባት። ስዋሽ ይበልጥ እቆጣለሁ፤ አመሌ ነው።

ስመኘው በመልሱ መንገድ ሁሉ ሲያሾፍብኝ መጣ። ጋሪው ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ታስሯል፤ ማንኩሳ ላይ ተሳፋሪ በገባ ቁጥር «ጠጋ በሉ፣ ቂርቆስን እንዳትረግጡት» ይላል። «ጥርስ አወጣ ወይ ልጃችን?» ይለኛል። እኔም ተሸንፌ ሳቅሁ። ያን ዕለት ሁለታችንም ውሸት መሆኑን እናውቅ ነበር።

መጀመሪያ የተሰማኝ ክብደቱ ነው። ሕሊናን ከፊት አስቀምጬ ወደ ገበያ ስወጣ ጋሪው ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ አቀበት ላይ እጀታው ወደ እኔ ይመጣል። ስመኘው ፈትቶ አየው፣ ግራሶ ቀባው፣ ምንም የለውም። ሕሊና ደግሞ ዳቦ ስሰጣት ቆርሳ እጇን ወደ ኋላ ትልክ ጀመር። መጀመሪያ እየጣለችው ነው ብዬ ተቆጣሁ። ወንበሩን ባየው ግን ዳቦውም ፍርፋሪውም የለም። መሬቱን አየሁ፤ እዚያም የለም።

«ለማን ነው የምትሰጭው?»

«ለቂሮ» አለች።

አባቷ በሚኒባስ ሲቀልድ ሰምታ ይሆናል አልኩ። ልጅ የሰማውን ይዞ ይጫወታል። እንዲህ ብዬ ለራሴ ተናገርኩና ጨርቁን ለማጠብ አወጣሁት። የኋላው መቀመጫ መሀሉ ጎድጉዷል፤ ስፖንጁ ትንሽ ሰው ውሎ የተነሣበት ይመስል ለመመለስ ይዘገያል። እጄን ብጭንበት ሞቅ ብሏል። ፀሐይ ነው ብዬ ልቤን ላታልለው ሞከርኩ፤ ጋሪው የቆመው ጓዳ ውስጥ ነበር።

ከዚያ ሳምንት በኋላ አይናለም በሩን አንኳኩታ ቂጣ ስታቀብለኝ «ልጆቹ አድገዋል እኮ! ወንዱማ ቁርጥ አባቱን» አለችኝ። ሹፈት መሰለኝ። ፊቷን አየሁት፤ ስትዋሽም ስታሾፍም የምትጠቅሰው ዓይኗ ዝም ብሏል። «የትኛው ወንድ?» ልላት ፈልጌ ፈራሁ። ሰውን ፈርቼ አላውቅም፤ ያን ዕለት ግን አይናለምን ከነሽንኩርቷ ፈራኋት።

አማቴ ከገጠር የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። እማማ እህተ ማርያም ባዶ እጃቸውን አይመጡም፤ ከአገልግላቸው ሁለት ሙልሙል አወጡ። «ይኸ ለሕሊና» አሉና ሰጧት። ሁለተኛውን ይዘው ወደ ጋሪው ሄዱ፣ ከኋላው ወንበር ፊት ተንበረከኩ፣ አየሩን ሳሙት። በነጠላቸው ጫፍ ምንም በሌለበት ላይ አፍ ጠረጉ፣ አፍንጫ ጠረጉ። «ቂሮየ፣ አያትህን ረሳሃት?» እያሉ ያጫውታሉ። የስፌት መኪናዬን ትቼ ተነሣሁ።

«እማማ፣ ማንን ነው የሚያጫውቱት?»

ዞረው አዩኝ፤ ያ ዓይናቸው የወትሮው ርኅራኄ አልነበረበትም። «ልጁን ምነው ጠላሽው አንች ሰው? በመጣሁ ቁጥር አንዴ እንኳ ስታቅፊው አላየሁ። እጁን ሲዘረጋልሽ አልፈሽው ትሄጃለሽ። እንዲህ ያለች እናት አላየሁም።»

ስመኘው ሲመጣ በሩ ላይ ጠበቅሁት። እሱ ያውቃል፣ አብረን ነበርን፤ ይስቅና ይገላግለኛል ብዬ ነበር። በእጁ ሁለት ጥንድ የፕላስቲክ ጫማ ይዟል፤ አንዱ የሕሊና ቁጥር፣ ሌላው ያነሰ። «ቂርቆስ ተኛ?» አለኝ።

«ስመኘው፣ ቡሬ ስዋሽ አብረኸኝ ነበርህ። ስትስቅብኝ ነበር።»

«ምን ዋሸሽ?»

«ቂርቆስ የሚባል ልጅ የለንም!»

ጫማዎቹን መሬት አስቀመጠና ሁለቱን እጆቼን ያዘ። ባሌ ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ነው ያስፈራኝ። «ደክሞሻል ያምሮት» አለኝ። «ስፌቱን ትንሽ ተይው። እማማ ልጆቹን ይይዙልሻል።»

እሺ ይሁን፣ እኔ ልበድ፤ ግን የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነበር። ሆዴ ገፋ ሲል የቀሚሴን ወገብ አስፍቼው ነበር። ያ ቀሚስ እያደር ይሰፋኝ ጀመር። ሜትሬን አውጥቼ ወገቤን ለካሁ፤ በሌላ ቀን ደግሜ ለካሁ፤ እየቀነሰ ነው። በዚያ ላይ ጠዋት ስነሣ የቀሚሴ ደረት እየራሰ መጣ። ሕሊና ጡት ከተወች ቆይታለች፤ ጡቴ ደርቆ ነበር። አሁን ወተት ይፈሳል፤ በማላየው አፍ ሲጠባ እንደዋለ ጡቴ ይቆስላል።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አዋላጇ ሆዴን ዳሰሰች፣ አዳመጠች፣ ፊቷ ጠቆረ። «ልቡ ይመታል፣ ግን ደካማ ነው። ከወሩ በጣም አንሷል። ባለፈው ስትመጭ ደህና ነበር እኮ፤ ምን አግኝቶሽ ነው?» አለችኝ።

ማታ ለስመኘው «ጽንሱ እየጠፋብን ነው» አልኩት።

«የምን ጽንስ?» አለ።

«ስመኘው!»

«ቂርቆስ ገና ጡት ሳይተው?» አለና ሳቅ አለ። የሚያፌዝ ሳቅ አልነበረም። እኛ ሁለታችን ብቻ ከምናውቀው ልጅ እሱ ወጣ፤ ያን ልጅ የማውቀው እኔ ብቻ ቀረሁ። ያን ጊዜ ገባኝ። በአፌ የጠራሁት እየኖረ ነው፤ የደበቅሁትን ሁሉም እየረሳው ነው፤ አንዱ የሌላውን ድርሻ እየበላ ነው። ዓይን ፈርቼ ስሙን ለሰው ያልሰጠሁት ልጄ ሆዴ ውስጥ እየደረቀ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ስመኘው ሥራ እንደወጣ ሕሊናን ጋሪው ላይ አስቀመጥኩና ወደ መናኸሪያ ገፋሁ። አማቴ «ወዴት ነው ልጆቹን ይዘሽ?» ሲሉ «ቡሬ፣ ሰው ልጠይቅ» አልኩ። «ለቂሮ ደርቢለት፤ ትንሽ ያስለዋል» አሉ። ጋሪው ያን ዕለት እንደከበደኝ ከብዶኝ አያውቅም። ሚኒባሱ ላይ ሲጭኑት ረዳቱ «ኧረ ልጁን አውርጂው መጀመሪያ!» ብሎ ጮኸብኝ። እጆቼን ዘርግቼ አየሩን አቀፍኩ። ደረቴ ላይ ምንም አልተሰማኝም፤ ረዳቱ ግን «አይዞህ ጎበዝ» ብሎ ከትከሻዬ በላይ ፈገግ አለ።

ወለተ ሐና ጋሪውን ስታይ በሩን ሙሉ ከፈተችልኝ። የመጣሁበትን ሳልነግራት «ሁለት አልነበሩም» አለች።

«አልነበሩም። ሁለተኛው በሆዴ ነው። አንች ግን ይህን እያወቅሽ ለሰው ትሸጫለሽ?» እጄን ልሰነዝርባት ትንሽ ነው የቀረኝ።

«ሁለት በሕይወት ያሉ ልጆች ከተቀመጡበት ዝም ይላል ብየ ነው» አለች። «ደጋግሜ ጠየቅሁሽ እኮ። ተቆጣሽኝ።»

ወንበር ሰጠችኝና ውሃ አቀበለችኝ።

«ያስቀመጥሽው አንች ነሽ፤ ሌላ ሰው ሊያነሣልሽ አይችልም» አለች። «እፊቱ ቁሚና እንዳልወለድሽው ንገሪው። በሆድሽ ያለውንም ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ተናገሪው። ግን እወቂ፤ አንዴ ካስነሣሽው አይመለስም።»

«እንዲመለስ ማን ፈለገ?»

ከኋላው ወንበር ፊት ቆምኩ። ጨርቁ መሀሉ ጎድጉዷል። ከዚህ በፊት እንዲህ ትኩር ብዬ አይቼው አላውቅም። ሰው ሁሉ የሚያየውን እኔ የማላየው ለምን እንደሆነ አሰብኩ፤ እንደሌለ ስለማውቅ ነው ወይስ ላየው ስላልፈለግሁ? አማቴ «እጁን ሲዘረጋልሽ» ያሉት ትዝ አለኝ። አሁንም ዘርግቶ ይሆን? ልቤ ሲላላ ታወቀኝና ቶሎ አልኩት።

«ቂርቆስ የሚባል ልጅ የለኝም። አልወለድሁህም። ያለችኝ ሕሊና ናት፤ ሌላው እዚህ ሆዴ ውስጥ ነው፣ ገና ነው፣ የኔ ነው። አንተን አላውቅህም። ሂድ።»

የጎደጎደው መቀመጫ ቀስ ብሎ፣ እንደ ተቦካ ሊጥ፣ ተነሥቶ ተስተካከለ። ሕሊና ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ ይህን አየችና እሪ አለች። «ቂሮ! ቂሮ! እማ፣ ቂሮ ሄደ!» ላቅፋት ስጎነበስ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ተገላበጠ። ልጄ ነው፣ ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ? ሕሊና እያለቀሰች እኔ ሳቅሁ። ወለተ ሐና አልሳቀችም።

«ቤትሽ ሲጠይቁሽ ምን ትያለሽ?» አለችኝ።

«ምን ይጠይቁኛል? ይረሱታል።»

«አንች እንጂ እነሱ አልዋሹም። የወደዱት ልጅ ነው፤ ምን ብለው ይረሱታል?» ነጠላዋን ይበልጥ ሰበሰበች። «እኔ ቤት ታሞ ሞተ በያቸው። ከልጄ አጠገብ ቀበርነው በያቸው። እዚያ ቦታ አለ።»

«አንችም ጋሪሽም ገደል ግቡ!» አልኩና ጋሪውን እዚያው ትቼ፣ ሕሊናን እጇን ይዤ ወጣሁ። መናኸሪያ እስክንደርስ ደጋግማ ወደ ኋላ ታይ ነበር። እኔ አላየሁም።

ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ስመኘው ከባጃጅ ሥር ወጥቶ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። ሕሊናን አነሣት፣ ሳማት። ከዚያ ከኋላዬ አየ፣ ከጎኔ አየ።

«ቂርቆስስ?» አለ።

ይረሳዋል፣ አሁን ይረሳዋል እያልኩ ፊቱን አየዋለሁ።

«ያምሮት፣ ልጁስ? ሰው ጋ ትተሽው መጣሽ?»

ሕሊና ከትከሻው ላይ ሆና «እማ ሂድ አለችው» አለች።

ስመኘው ቀስ ብሎ መሬት አወረዳት። እንደዚያ ያለ ፊት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ ዳግም እንዳላይ እለምናለሁ። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። ልጁ የለም ካልኩት ገደልሽው ሊለኝ ነው፤ ሸጥሽው፣ ጣልሽው ሊለኝ ነው። አፌ የወለተ ሐናን ቃል አነሣ።

«ሞተ» አልኩ። «ትኩሳት ያዘው፣ አልደረስንለትም። ቡሬ ተቀበረ።»

ባሌ ባጃጁን ይዞ ቁጭ አለ። ከቤት የአማቴ ጩኸት ተሰማ፤ ማን እንደነገራቸው አላውቅም። አይናለም የያዘችውን ድስት ጥላ መጣች። ስመኘው እስኪነጋ አልጠበቀም፤ ሰዎች ይዘውት ቡሬ ሄደ። ሲመለስ ጉልበቱ አፈር ነበር። «ሁለት ትንንሽ መቃብር ጎን ለጎን አሉ» አለኝ። «የኛ የቀኝ ነው። ሴትዮዋ አሳየችኝ። ደህና ቦታ ነው።» ከዚያ አንገቴ ውስጥ ገብቶ አለቀሰ።

በራችን ላይ ድንኳን ተጣለ። ሆዴ በዚያው ሰሞን እንደገና ሞላ፤ ስመኘውም ትዝ ብሎት «እሱን ወስዶ ይኸን ሰጠን» እያለ ሆዴን ይዳብሰዋል። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ እርጉዝ መሆኔን አወቀ፤ ማንም ዓይን አላለ። የምፈልገው ይህ ነበር፣ አገኘሁት። እኔም ፍራሽ ላይ ጥቁር ለብሼ ተቀመጥኩ። እንባ አልመጣልኝም፤ ለሌለ ልጅ እንዴት ይለቀሳል? ለቀስተኛው ግን ድንጋጤ አደረቃት ብሎ አዘነልኝ።

ከመንደራችን ሙሾ የምታወርደው ሠርክአዲስ ናት። ቆማ፣ ወገቧን አስራ፣ ድምፅዋን አነሣች። ስለ ልጁ ነው የምትለው፤ ሌሎቹ ይቀበሏታል። ጥርሱ ፍንጭት እንደነበር ከሷ ሰማሁ። እንደ አባቱ ግራኝ እንደነበር ከሷ ሰማሁ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ እንደሚያጨበጭብ፣ ዳቦውን ከእኅቱ ሳያካፍል እንደማይበላ፣ ከግራ ቅንድቡ በላይ ትንሽ ጠባሳ እንደነበረው፣ እሱም ከጋሪው ሊወርድ ሲል የወደቀ ዕለት ያገኘው መሆኑን። ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ። እኔ አንገቴን አስግጌ እሰማለሁ።

«እናቱ ስፌት ላይ ስትቀመጥ፣ የቀሚሷን ጫፍ ይዞ ይቆም ነበር» አለች ሠርክአዲስ። «ቀና ብላ እስክታየው አይለቅም ነበር።»

ለቅሶ ላይ እናት አትወቀስም፤ ቀና ብላ አይታው አታውቅም አላለችም። ከጥቁሩ ሥር የለበስኩትን የዘወትር ቀሚሴን አየሁት። ከጉልበቴ በታች ጫፉ ተጨማድዷል፤ ስንት ጊዜ በካውያ እንደተኮስኩት፣ ስንት ጊዜ እንደገና እንደተጨማደደብኝ እኔ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ከሆዴ ሳይሆን ከሌላ ቦታ የወጣ ጩኸት ጮኽኩ።

«ሌላስ?» አልኳት ሠርክአዲስን።

አይናለም ነጠላዬን አስተካከለችልኝና «ተይ አንች፣ ለሆድሽም ጥሩ አይደለም» አለችኝ።

«ሌላስ ምን ያደርግ ነበር? ዓይኑስ? ዓይኑ የማንን ይመስል ነበር? ንገሩኝ እንጂ!»

ሐዘኑ አእምሮዋን ነካው ተባባሉ። ከዚያ አማቴ አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ያዙና ይነግሩኝ ጀመር።